ቪትዜን ወደ ድሮ ሞላዋ ልመልሳት ወይስ እንዲሁ ፏ ብላ ትኑር?

የአያት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመኪና ነገር የምታውቁ እስቲ አማክሩኝ፣ ከእማዬ ጋር ልንጣላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ወር በፊት 2008 ሞዴል ቪትዝ ገዛሁ። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ መኪናዋን አሳምሯታል። ወደ መሬት ዝቅ ብላለች፣ 17 ኢንች ጥቁር ቸርኬ (ላስቲኩ የሚገባበት ክብ ብረት) አላት፣ ጎማዋ 195/40 ነው፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ላስቲክ ያላትም አትመስል። እውነቱን ልናገር፣ የገዛኋት በዓይኔ ነው። ሲኤምሲ አስፋልት ላይ ሞከርኳት። መሪዋ ወዲያው ይታዘዛል፣ አደባባይ ላይ አትጋደምም፣ ከዚህ በፊት የነዳኋት የአጎቴ ኮሮላ ከሷ ጋር ስትነፃፀር ፍራሽ ናት። በቃ ወደድኳት። ኮብልስቶን ላይ ግን አልሞከርኳትም። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው።

የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ብሎካችን አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ኮብልስቶን አለ፤ ግማሹ ተነስቷል፣ ግማሹ ሰምጧል። ጠዋትና ማታ በሱ ላይ ነው የማልፈው። ቀሪው እስከ መገናኛ አስፋልት ነው፣ እዚያ ላይ ችግር የለብኝም። ግን ያቺ አንድ ኪሎ ሜትር! ዳሽቦርዱ ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሴ ይንቀጠቀጣል። ብሬከር (ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ) ላይ ደግሞ የቱንም ያህል ቀስ ብል ሆዷ ይፈገፈጋል።

እማዬ ወገቧን ያማታል። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወስጃት ስመለስ አጥሩ ጋ ስንደርስ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ "ልጄ፣ የአገሬ በቅሎ እንኳ እንዲህ አታንገጫግጭም ነበር።" ከዚያ ወዲህ በታክሲ ነው የምትሄደው። አፈርኩ።

አሁን ጥያቄዬ፦ ወደ 14 ኢንችና ወደ ፋብሪካው ሞላ (መኪናዋን የሚሸከመው ጥምዝ ስፕሪንግ) ልመልሳት? ብመልሳት ያ የምወደው አነዳድ ይጠፋል? ወይስ ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ? ጓደኞቼ "ሾክ ብቻ ቀይር፣ ይለሰልሳል" ይሉኛል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

እናትህን ስማ። የቀሩት ደግሞ በቴክኒክ ያስረዱሃል፤ እኔ ሻይዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ጋሽ ካቻቢቴ፦

ልጄ፣ ሃያ ምናምን ዓመት መኪና ሥር ተኝቼ ነው የኖርኩትና መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ያንተ መኪና ስፖርት አይደለችም። ዝቅ የተደረገች መኪና ናት። ሁለቱ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ።

ቶዮታ ራሱ ስፖርት ቪትዝ ሠርቷል። አርኤስ ይባላል፣ 1.5 ሞተር አለው፣ ጎማው 16 ኢንች ነው። እዚያ ላይ ሞላውና ሾኩ ተስማምተው ነው የተሠሩት። ያንተን ግን ሳላያት መገመት እችላለሁ፤ ሞላዋ ተቆርጧል። እኔ ጋ ከሚመጡት ዝቅ ያሉ መኪኖች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ዝቅ ለማድረግ የተሠራ ሞላ ማስመጣት ገንዘብ ይፈልጋል፣ መቁረጫ ግን በየጋራዡ አለ።

ሞላ ሲቆረጥ ማጠሩ ብቻ አይደለም፣ ይጠነክራልም። በስድስት ዙር የሚሠራ ሞላ ላይ አንድ ተኩል ዙር ብትቆርጥ አራት ተኩል ይቀራል። ሽቦው ያው ነው፣ ውፍረቱ ያው ነው፣ ጥንካሬው ግን በአንድ ሦስተኛ ጨመረ። ሾኩ ደግሞ የድሮው ነው። የሾክ ሥራ ሞላው ተጨንቆ ሲመለስ እንዳይዘል መያዝ ነው፤ ለለስላሳ ሞላ የተሠራው ሾክ የጠነከረውን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ መኪናዋ ጉድጓድ ስታገኝ መጀመሪያ ትመታለች፣ ከዚያ ትዘላለች። ጓደኞችህ ሾክ ብቻ ቀይር ያሉህ ለዚህ ነው የማይሆነው። አዲስ ሾክ በተቆረጠ ሞላ ላይ ብታስር ገንዘብህን በጊዜ ማቃጠል ነው፣ ምክንያቱም ዘንጉ ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ገብቶ ነው የሚውለው።

ሌላው የጎማው ጉዞ ነው፣ ማለቴ ጎማው ወደ ላይ ለመውጣት የቀረው ቦታ። መኪናዋ ዝቅ ባለች ቁጥር ያ ቦታ ያንሳል። ሾኩ ዘንግ ላይ አንዲት የላስቲክ ትራስ አለች፤ ቦታው ሲያልቅ የምትቀበለው እሷ ናት። የእናትህን ወገብ የሚመታው ሞላው አይምሰልህ፣ እሷ ላይ ስትደርስ ነው። (ብዙ ጊዜ ደግሞ ተበልታ አልቃ አገኛታለሁ። ያኔ ብረት በብረት ነው።)

እና በምን እንደተቆረጠም እይ። በእሳት ከሆነ ብረቱ ጠባዩን አጥቷል፣ አንድ ቀን ይሰበራል። በመጋዝ ከሆነ ይሻላል፣ ግን ጫፉ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ከምቾት በፊት ይሄ ያሳስበኛል።

ዛሬውኑ ቤትህ አጠገብ የምታደርገው ሙከራ ልንገርህ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁምና አንዱን ጥግ በሁለት እጅህ በደንብ ተጭነህ ልቀቃት። አንዴ ወደ ላይ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ከቆመች ሾኩ ደህና ነው። ሁለቴ ሦስቴ ከተወዛወዘች አልቋል። እጅህ ጭራሽ የማይገፋት ከሆነ ደግሞ ያልኩህ ትራስ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው። አራቱንም ጥግ ሞክር፣ ከዚያ ጎንበስ ብለህ ሾኩ ላይ ዘይት ካለ እይ።

ለስላሳ መኪና ደካማ መኪና ነው የሚለውን ወሬ ደግሞ ተዉት። ኬንያ ውስጥ የሚደረገውን ሳፋሪ ራሊ በፈረንጆቹ 1975 ያሸነፈችው ፔዦ 504 ናት። የድሮ ሰዎች ታውቋታላችሁ፣ እንደ ሶፋ የምትለሰልስ የቤተሰብ መኪና! ያሸነፈችውም ጎማዋ ረጅም ስለሚጓዝና ከመሬት ስለማይለቅ ነው። በተበላሸ መንገድ ላይ ጠንካራ መኪና ጎማው በአየር ላይ ይውላል። በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም አይዝም፣ አይታጠፍምም።

ቱርቦ፦

ኧረ ጋሼ ቀስ ይበሉ፣ ሁላችንንም ጨረሱን እኮ ሃሃሃ።

የተቆረጠ ሞላ ቆሻሻ ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። እኔም መጀመሪያ ያቆረጥኩትን ሞላ በኋላ አውጥቼ ጥያለሁ። ግን "ለኛ አገር ስፖርት አይሆንም" ወደሚለው ዘፈን እንዳንገባ። እኔ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ አዳማ እመላለሳለሁ። ፈጣን መንገዱ ላይ 120 ይዘህ፣ በስተግራህ ትልቅ መኪና እያለፈ፣ ነፋስ ከጎን ሲመታህ፣ ለስላሳ መኪና ውስጥ ያለው ስሜት ምን እንደሚመስል የነዳ ያውቃል። መሪውን ትንሽ ታዞራለህ፣ መኪናው መጀመሪያ ይጋደማል፣ ከዚያ ያስባል፣ ከዚያ ይዞራል። ድንገት የሆነ ነገር ፊትህ ቢገባ ያቺ ማሰቢያ ጊዜ የለችህም።

ደግሞ ለስላሳ ሁሉ ምቾት አይደለም። እህቴ በኔ መኪና ተኝታ ነው የምትሄደው፣ በአባቴ ኮሮላ ግን ደብረ ዘይት ሳትደርስ ታስመልሳለች። ምክንያቱም የሱ ሾክ ካለቀ ስንት ዘመኑ፣ እንደ ጀልባ ነው የሚዋኘው። ሰውን የሚያስመልሰው እንደዚያ ያለው ቀርፋፋ ውዝዋዜ ነው፣ ድንጋዩ አይደለም። ድንጋዩ ወገብ ነው የሚያመው፣ መዋኘቱ ደግሞ ሆድ ነው የሚገለብጠው፣ ምረጥ ማለት ነው እንግዲህ።

እና አሁን ከተማው እኮ ተቀይሯል። ኮሪደር የተሠራበት ሁሉ አስፋልቱ መስታወት ነው። ከቦሌ እስከ ፒያሳ በየትኛውም መኪና መሄድ ትችላለህ።

ለጠያቂው፦ 14 አትመልስ፣ ቆንጆዋን መኪና አሮጊት አታድርጋት። 15 ኢንች አድርግ። ፋብሪካ ሞላ፣ ጥሩ ሾክ፣ 15 ቸርኬ። ጨረስኩ።

ጋሽ ካቻቢቴ፦

ቱርቦ፣ ኮሪደሩ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይገባም። ልጁ የነገረን ስለ ኮብልስቶን ነው፣ አንተ ቦሌን ታወራለህ።

ግን ያልከው ነገር ውስጥ እውነት አለ፣ እሱን አልክድም። ያለቀ ሾክ ምቾት አይደለም። ጥሩ መኪና ሞላው ለስለስ ብሎ ሾኩ ግን የሚይዝ ነው። ማዞሪያ ላይ እንዳትጋደም የሚያደርጋት ደግሞ ስታብላይዘሩ ነው፣ ግራና ቀኙን የሚያያይዘው ብረት፤ የሱ ሊንክ ወይም ላስቲክ ካለቀ መኪና ይጋደማል፣ ሰው ግን ሞላ ያስቆርጣል። የ800 ብር በሽታ በ8 ሺህ ብር ማከም ነው። (ዋጋውን ለወሬ ያህል ነው ያልኩት፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ካቻቢቴ እንዲህ ብሎናል እንዳትሉ።)

አዳማ መንገድ ላይ ያልካትን ማሰቢያ ጊዜ በተመለከተ፣ ግማሹ የጎማ ነፋስ ነው፣ ግማሹ ያለቀ ቡሽና (የመገጣጠሚያ ላስቲክ) ቴስቲኒ (የመሪ መገጣጠሚያ) ነው። እነሱን አድስና ከዚያ ንገረኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሩቅ ልግባ። እዚህ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ለስድስት ዓመት ኡበር ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ ይሄን ነገር በጀርባዬ ነው የማውቀው።

ሰው አሜሪካ መንገዱ ሁሉ ልሙጥ ይመስለዋል። ክረምት ሲያልቅ ኑና እዩት። ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ በረዶ ይሆናል፣ አስፋልቱን ያነሳዋል፣ መኪና ሲያልፍበት ይፈነቀላል። መጋቢት ላይ ጉድጓዱ ከአዲስ አበባ አይተናነስም፣ ልዩነቱ እዚህ በ45 ማይል ፍጥነት ነው የምታገኘው።

ቶዮታ ካምሪ ሲገዛ ሐበሻው ሁሉ ኤስኢ የሚባለውን ዓይነት ነው የሚለው። ለምን? ፊቱ ያምራል፣ ቸርኬው 18 ነው። ኤልኢ "የሽማግሌ መኪና" ነው ይባላል፣ 17 ነው። እኔም ኤስኢ ገዛሁ። ከዚያ የባለቤቴ ወንድም ኤልኢ ገዛ፣ ያው ዓመት፣ ያው ሞተር። አንድ ቅዳሜ ተለዋውጠን ሠራን። ማታ ስመለስ ቁልፉን ልመልስለት አልፈለግኩም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። የኤልኢ ጎማ 215/55 ባለ 17 ነው። 55 ማለት ከወርዱ 55 በመቶ ቁመት አለው፣ 118 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ማለት ነው። የኤስኢ 235/45 ባለ 18 ነው፣ 106 ሚሊ ሜትር። አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት፣ አንድ ጣት የማትሞላ! የኤስኢ ሞላና ሾክም ጠንከር ያለ ነው፣ ግን ሰውነትህ መጀመሪያ የሚሰማው ያቺን ጣት ነው።

እና ያንተን አስላሁት ወንድሜ። የፋብሪካው ቪትዝ 165/70 ባለ 14 ከሆነ የላስቲኩ ቁመት 115 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሁን ያለህ 195/40 ግን 78 ነው። አራት ሳንቲም ሊሞላ ምንም አልቀረው! በአንድ ቶን መኪና ላይ የካምሪን ልዩነት ሦስት እጥፍ ነው ያደረግከው። ሞላውን ሁሉ ብትመልስ እንኳ በ17ቱ ኮብልስቶን ላይ አትተኛም።

ሌላው የቸርኬው ክብደት ነው። ሰው አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው ይላል፤ ርካሹ ባለ 17 ግን ከፋብሪካው ባለ 14 ብረት የሚከብድበት ጊዜ አለ። ጎማና ቸርኬ ከሞላ በታች ያለ ክብደት ነው፣ ማለትም ምንም ሳይከላከልለት ከመሬቱ ጋር የሚጋጭ። እሱ በከበደ ቁጥር ሞላው ወደ ታች የሚመልሰው ነገር ይበዛበታል። ትልቅና ከባድ መኪና ትንንሽ ድንጋይ ላይ የሚለሰልሰው አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው፣ ከላይ ያለው ክብደት ከታች ካለው በብዙ ስለሚበልጥ።

እኔ ኤስኢውን ሁለት ቸርኬ ከታጠፈብኝ በኋላ ሸጥኩት። አሁን ኤልኢ ነው የምነዳው። ሽማግሌ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ባትሪ ላይ ነኝ፦

ከላይ ስለ ክብደት የተባለውን አይቼ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር የሚገባው የቤት መኪና ኤሌክትሪክ ነው፣ እና ይሄ ጥያቄ ሁላችንም ጋ መምጣቱ አይቀርም። እኔ የቮልስዋገን አይዲ 4 አለኝ። 2 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ሁለት ቪትዝ ማለት ነው። ያን ሁሉ ባትሪ የሚሸከም ሞላ የግድ ጠንካራ ነው። ቸርኬው ደግሞ 20 ነው! አስፋልት ላይ ደመና ነው፣ ድንጋይ ላይ ደህና ነው፣ ስለታም ጉድጓድ ላይ ግን ጧ! ይላል፣ የነዳጅ ሞተር ጩኸት ስለሌለው ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ ይሰማል። ባለ 18ቱን ባገኘሁ ኖሮ እሱን ነበር የምወስደው። የምትገዙ ካላችሁ የትልቁ ቸርኬ ፎቶ አያታላችሁ።

ሹፌሯ፦

ወንዶች ስታወሩ ሁሉም ነገር የሚገዛ ነው። እኔ በነፃ የሚሆነውን ልናገር።

ሰባት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በማመላለስ ነው የኖርኩት፣ አሁንም ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ባለ 14፣ ምንም ያልተነካካ። ደንበኛ ከኋላ ተቀምጦ እንቅልፍ ሲወስደው ነው ሥራዬን በደንብ እንደሠራሁ የማውቀው።

አንደኛ ነፋስ። ጎሚስታ ጋ ሄደህ "ሙላልኝ" ስትለው ሳይጠይቅ 40 ይሞላልሃል፣ ይጠነክር ብሎ። የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ፣ የቪትዝ ከ32 እስከ 33 አካባቢ ነው። ከ40 ወደ 33 ስታወርደው አዲስ ሾክ የገዛህ ይመስልሃል። ግን ያንተ ጎማ የላስቲኩ ቁመት አጭር ስለሆነ በጣም አታውርደው፣ ጉድጓድ ላይ ቸርኬው ላስቲኩን ቆርጦት ጎኑ ላይ እባጭ ያወጣል። እባጭ ያለው ጎማ ደግሞ ይፈነዳል እንጂ አይድንም።

ሁለተኛ ፍሬን። ሰው ሁሉ ብሬከሩ ላይ እየወጣ ፍሬን ይይዛል። ፍሬን ስትይዝ የመኪናው አፍንጫ ዝቅ ይላል፣ ሞላው አስቀድሞ ተጨንቋል፣ ከዚያ ላይ ብሬከሩ ይመታዋል፣ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ቀድመህ ቀንስና ልክ ከመውጣትህ በፊት ፍሬኑን ልቀቀው። አፍንጫው ይነሳል፣ ተሻግረህ ትሄዳለህ። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ለባለቤቴ አስተምሬ ሁለት ዓመት ሾክ ሳይቀይር ቆይቷል።

ሦስተኛ እናትህን ከኋላ አታስቀምጣቸው። ቪትዝ ላይ የኋላ ወንበር የኋላው ጎማ ላይ ነው ያለው ማለት ይቻላል፣ የጎማውን ምት እንዳለ ነው የሚቀበለው። የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች ደግሞ በአንድ ተሻጋሪ ብረት ስለተያያዙ የግራው ሲመታ ቀኙም ይሰማዋል። ከፊት አስቀምጣቸው፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ትንሽ ጋደም አድርገው፣ ከወገባቸው በታች ትንሽ ትራስ። ለልጅ ትራስ የማይሰጥ እናት የለችም፣ አንተም መልስላት።

የአያት ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ካቻቢቴ፣ ያሉትን ሙከራ አደረግኩት። የፊቱን ሁለቱንም ጥግ ስጫን ጭራሽ አይገፋም፤ ግድግዳ የምገፋ ነው የመሰለኝ። የኋላው ግራ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተወዛወዘ፣ ሾኩም ረጥቧል። ያገለገለ የፋብሪካ ሞላ ሶማሌ ተራ አለ አሉኝ፣ ያገለገለ መግዛት ይሆናል? እና 14 ነው ወይስ 15?

ሹፌሯ፣ እማዬ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው። "ከፊት ያስፈራኛል" ትላለች። እሞክራለሁ።

ጋሽ ካቻቢቴ፦

ያገለገለ ሞላ ይሆናል። ሞላ እንደ ሾክ ቶሎ አያረጅም። ግን ከአንድ መኪና የወጣ ጥንድ ይሁን፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመህ ቁመታቸውን አስተያይ፣ ዝገቱ ቀለም ያነሳው ይሁን እንጂ ብረቱን የበላው አይሁን። ጫፋቸውንም እይ፣ የተቆረጠ መልሰው እንዳይሸጡልህ! ሾክ ግን ያገለገለ አትግዛ። በጭራሽ። አራቱንም ባትችል የፊቱን ጥንድ በአንዴ፣ የኋላውን ጥንድ በአንዴ፤ ግራውን ብቻ ብትቀይር መኪናዋ አንካሳ ትሆናለች። የላስቲክ ትራሶቿንና ላይኛውን የሾክ መቀመጫ አብረህ ቀይር፣ አንዴ ስለተፈታ ሌላ የእጅ ዋጋ አትከፍልም። መጨረሻ ላይ አላይመንት አስደርግ፣ ቁመቷ ሲቀየር የጎማው አቋምም ይቀየራል፣ አለበለዚያ አዲሱን ጎማ በአንድ ጎኑ ትበላዋለች።

ጎማውን በተመለከተ የቱርቦ ነገር ላንዴ ልክ ነው። 185/55 ባለ 15 አድርግ። ጠቅላላ ቁመቱ ከ14ቱ ጋር እኩል ሊባል ይችላል፣ ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያህ አይዋሽም፣ ላስቲኩም ወደ 102 ሚሊ ሜትር ነው። ከ14ቱ ትንሽ ይጠነክራል፣ መሪው ግን ከሱ ይሻላል። እናትህ ብቻ ብትሆን 14 እልህ ነበር። አንተም ትነዳታለህ።

ቱርቦ፦

ጋሼ "ላንዴ ልክ ነው" አሉኝ። ይሄን ፎቶ አንስቼ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ።

የአያት ልጅ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ውጤቱን ካልነገርኳችሁ ነውር ነው።

ሲፈታ አብሬ ቆሜ አየሁ። የፊቱም የኋላውም ሞላ ተቆርጧል፣ የፊቱ በእሳት ነው፣ ጫፉ ጠቁሮ ቀልጦ ነበር። የላስቲክ ትራስ የሚባለው ነገር የለም፣ ግራው ላይ ቁራሽ ቀርቷል፣ ቀኙ ላይ ምንም። መካኒኩ አሳየኝና ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። በዚያ ነገር ላይ አራት ወር እማዬን ይዤ ዞሬያለሁ።

አሁን ፋብሪካ ሞላ፣ አራት አዲስ ሾክ፣ ባለ 15። ነፋስ 33። መጀመሪያ ቀን ቀለበት መንገድ ላይ ስወጣ እውነቱን ልናገር ከፋኝ። ትንሽ ትጋደማለች። መሪዋ እንደ ድሮው አይነክስም። "ምን አደረግኩ" ብዬ ነበር። ኮብልስቶኑ ጋ ስደርስ ግን ከልማድ የተነሳ ትከሻዬን ሰብስቤ፣ ጥርሴን ነክሼ ገባሁ፣ እና ምንም አልሆነም። ድምፁ አለ፣ ምቱ የለም። ድሮ በአሥር ነበር የማልፈው፣ አሁን በ25 አልፋለሁ። በቀን ሁለቴ! ፈጣን መኪና ሆነችልኝ ማለት ነው።

የሚገርመው ደግሞ ከአንድ ሳምንት በኋላ አደባባይ ላይ ማጋደሟን ረሳሁት። ወይ እኔ ለመድኩ ወይ አዲሱ ሾክ ቦታውን ያዘ፣ አላውቅም።

እሁድ እማዬን ወሰድኳት፣ ከፊት፣ ከትራስ ጋር። ስንመለስ አጥሩ ጋ ስንደርስ ተኝታለች። ቀስቅሼ አወረድኳት። ዞር ብላ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ምን ብትል ጥሩ ነው፣ "ያ የሚያምረው ጥቁር ጎማዋስ የት ሄደ?"

ቱርቦ፦

እኔም ልጠይቅ ነበር። 17ቶቹን ስንት ትላለህ? አራት ቀዳዳ አይደሉ? በውስጥ መስመር አናግረኝ።

ጋሽ ካቻቢቴ፦

ቱርቦ፣ መጀመሪያ መኪናህን አምጣና ሞላህን ልየው።